ወንድሜ ስኳር የለበትም፣ ታዲያ "የግሉኮስ ኢንዛይም አንሶታል" ማለት ምን ማለት ነው?

ቀፊራ77፦

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ዋላችሁ። ትንሽ ይረዝማል ግን በናታችሁ እስከመጨረሻው አንብቡልኝ፣ ግራ ገብቶኝ ነው።

ታናሽ ወንድሜ 19 አመቱ ነው፣ ድሬ ሳቢያን ነው ምንኖረው። የዛሬ ወር ገደማ ትኩሳት ያዘው፣ በዚህ ሙቀት ጋቢ ደርቦ ሲንቀጠቀጥ ሳየው ወባ ነው ብዬ አንድ ክሊኒክ ይዤው ሄድኩ። ጣቱን ወጉት፣ ያቺ ትንሽዬ ፕላስቲክ ላይ ደሙን ጠብ አረጉና መስመር ወጣች፣ ቫይቫክስ ሚባለው የወባ አይነት ነው አሉን። ክሎሮኪን ሰጡት፣ ደሞ ለ14 ቀን በየቀኑ ሚዋጥ ፕሪማኩዊን ሚባል ጨመሩለት። ሌላ ምንም የጠየቀን ሰው የለም። ትኩሳቱ ወዲያው ለቀቀው፣ ደስ አለን። አራተኛው ቀን ላይ ሽንት ቤት ሆኖ ጠራኝ፣ "ና እስቲ ይሄን እይ" ይለኛል። ሽንቱ ኮካ ነው። እያጋነንኩ አይደለም ወላሂ፣ ጠርሙስ ውስጥ ብታዩት ኮካ ነው ምትሉት። የአይኑ ነጩ ቢጫ ሆኗል፣ ሶስት ደረጃ ወጥቶ ያለከልካል።

በባጃጅ ሆስፒታል አደረስኩት። ሄሞግሎቢኑ 6.4 ወርዷል ተባለ፣ መድሃኒቱን አስቆሙት፣ ደም ተሰጠው፣ ግሉኮስ ተተከለለት፣ አምስት ቀን ተኝቶ ወጣ። አሁን አልሀምዱሊላህ ደህና ነው፣ ኳስ ልጫወት እያለ ያስቸግረናል።

ጥያቄዬ ምን መሰላችሁ፣ ዶክተሩ ሲወጣ "ጂ ሲክስ ፒዲ ሚባል ኢንዛይም ያንሰዋል" ብሎ ወረቀት ላይ ጻፈለት፣ ሙሉ ስሙ ግሉኮስ ሲክስ ፎስፌት ዲሃይድሮጂኔዝ ነው። እማዬ ግሉኮስ ሚለውን ስትሰማ አለቀላት። እሷ ራሷ ስኳር ካለባት 8 አመቷ ነው፣ "እኔ ነኝ ያወረስኩት" ብላ ታለቅሳለች፣ ከሻሂው ላይ ስኳር ከለከለችው። ድሬ ውስጥ ሻሂ ያለስኳር አስቡት እስቲ። ጎረቤታችን ደሞ "ግሉኮስ የተተከለለት ለዛ ነው፣ ጎድሎት ነው" ትላለች። ስኳሩን በጣታችን ለካነው፣ 92 ነው። ታዲያ ይሄ ነገር ስኳር ነው አይደለም? የስኳር ኢንዛይምና የወባ መድሃኒት ምን አገናኛቸው? ደሞ ምን ይብላ ምን ይተው?

ባጃጅ_ሹፌሩ፦

አቦ እግዜር ይማረው። ስኳር ነው ወንድሜ፣ ሲጀምር እንዲህ ነው ሚያደርገው፣ የአጎቴም እንደዚሁ ነበር። ጣፋጭ ይተው፣ ጥቁር አዝሙድ በማር ጠዋት ጠዋት።

ማይክሮስኮፕ_ሐረር፦

ባጃጁ ወንድሜ አትቀየመኝና ተሳስተሃል፣ ደሞ ማርም ስኳር ነው 😄። ቀፊራ፣ መጀመሪያ እናትህን አረጋጋቸው፣ ስኳሩን ይመልሱለት። ሐረር ላብራቶሪ ውስጥ ነው ምሰራው፣ ዶክተር አይደለሁም፣ ግን ይሄ ነገር በየጊዜው እጄ ላይ ሚያልፍ ነው።

ከስሙ እንጀምር። ኢንዛይም ሚጠራው በሚነካው ነገር ነው። ቆዳ ፋቂ ስለተባለ ሰውየው ቆዳው ታሟል ማለት አይደለም፣ ስራው ቆዳ ላይ ነው ማለት ነው እንጂ። ስኳር በሽታ ማለት ኢንሱሊን አንሶ ወይ አልሰራ ብሎ ስኳሩ ደም ውስጥ ሲከማች ነው። የወንድምህ ደም ውስጥ ያለው ስኳር ልክ ነው፣ 92 ብለህ ለክተህ ነግረኸናል። ችግሩ ያለው ቀይ የደም ሴሉ ውስጥ ስኳሩ ከገባ በኋላ ነው።

ቀይ የደም ሴል ጉደኛ ነገር ነው። ሲያድግ ኒውክሊየሱን (ዘረመሉ ያለበትን) አውጥቶ ይጥላል፣ ማይቶኮንድሪያውንም (የጉልበት ማመንጫውን) ይጥላል፣ ሄሞግሎቢን ብቻ ተሸክሞ 120 ቀን ገደማ ይዞራል። ስለዚህ ነዳጁ ግሉኮስ ብቻ ነው፣ ሌላ ነገር ማቃጠል አይችልም። ግሉኮሱ ሲገባ ሄክሶካይኔዝ ሚባል ኢንዛይም ፎስፌት ይለጥፍበታል፣ አሁን ስሙ ግሉኮስ ሲክስ ፎስፌት ሆነ። እዚህ ጋ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አብዛኛው ቀጥ ብሎ ወርዶ ላክቲክ አሲድ ይሆናል፣ እግረ መንገዱን ሴሉ ከአንድ ግሉኮስ ሁለት ኤቲፒ (ሴል ሚጠቀምበት ጉልበት) ያተርፋል፣ በቃ የእለት ጉርሱ ነው። ትንሹ ግን ወደ ጎን ይታጠፋል፣ የዚህች መታጠፊያ በረኛ ነው ጂ ሲክስ ፒዲ። በዚች መንገድ ጉልበት አይገኝም፣ ሚገኘው ኤንኤዲፒኤች ሚባል ነገር ነው፣ እሱ ደሞ ግሉታታዮንን ያድሰዋል፣ ግሉታታዮን ሴሉን ከኦክሲዳንት ማለትም ሄሞግሎቢኑን ከሚያበላሹ ነገሮች ይጠብቀዋል። ሌሎች ሴሎች ኤንኤዲፒኤች ሚያገኙበት ሌላ ሌላ መንገድ አላቸው፣ ቀይ ሴል ያለችው ይቺ ብቻ ናት። ደሞ ኒውክሊየስ ስለሌለው ኢንዛይሙ ሲያልቅበት አዲስ አይሰራም፣ ሲወለድ በተሰጠው ነው እስከ 120 ቀን ሚቆየው። ለዛ ነው መጀመሪያ ሚረግፉት አሮጌዎቹ ሴሎች የሆኑት።

አሁን ፕሪማኩዊን። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ሚቀር ፓራሳይት አለው፣ ክሎሮኪን እሱን አይነካውም፣ ከወራት በኋላ ተነስቶ ድጋሚ ያስተኛሃል። የተኛውን ሚገድል ፕሪማኩዊን ነው፣ ስለዚህ መድሃኒቱን መስጠታቸው ስህተት አይደለም። ነገር ግን ፕሪማኩዊን ሰውነት ውስጥ ሲፈጭ ሚወጣው ነገር ኃይለኛ ኦክሲዳንት ነው። ጤነኛ ሴል በግሉታታዮኑ ይችለዋል። የወንድምህ ሴል ግን መከላከያው ባዶ ነው፣ ሄሞግሎቢኑ ይበላሽና እየጓጎለ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፣ ሴሉ ይፈርሳል፣ ሄሞግሎቢኑ ደም ውስጥ ይፈሳል፣ በኩላሊት አድርጎ ይወጣል። ኮካው እሱ ነው።

ይሄንን በአይኔ አይቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ደም ስላይድ ላይ ስትዘረጋው አንዳንዱ ሴል ጫፉ ላይ የተገመጠ ብስኩት ይመስላል፣ ጣፊያ ናት የተበላሸውን ቁራጭ ገምጣ ያስቀረችው። በሌላ ቀለም ስታቀልመው ደሞ ሴሉ ጠርዝ ላይ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ታያለህ፣ የጓጎለው ሄሞግሎቢን ነው። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ስላይዱን አበላሸሁት ብዬ ድጋሚ ሰራሁት።

ነገሩ የታወቀውም በዚሁ መድሃኒት ነው። አሜሪካ ኢሊኖይ እስር ቤት ውስጥ እስረኞች ላይ ፕሪማኩዊን ሲሞከር አንዳንዱ ሰው ደሙ ይረግፋል አንዳንዱ ምንም አይሆንም፣ ለምን ሲሉ በፈረንጅ 1956 ኢንዛይሙ መሆኑን አገኙ። እስረኛ ላይ መሞከሩ ዛሬ ሲያነቡት ይከብዳል፣ ሳልል ባልፍ ደስ አይለኝም። ዛሬ አለም ላይ ይሄ ኢንዛይም ሚያንሳቸው ሰዎች ከ400 ሚሊዮን በላይ ናቸው ይባላል፣ አብዛኞቹም ሳያውቁት ይኖራሉ።

ጎረቤታችሁ ስላሉት ደሞ፣ እኛ ሀገር ክንድ ላይ ሚተከል ነገር ሁሉ ግሉኮስ ነው ስሙ፣ ከረጢቱ ላይ ብታነበው ብዙ ጊዜ የጨው ውሃ ነው። የኢንዛይሙን ጉድለት በግሉኮስ አትሞላውም።

ሻሂ_በወተት፦

ዋው እንዲህ ያስረዳኝ አስተማሪ ባገኝ ባዮሎጂ አልወድቅም ነበር። እኔም ጥያቄ አለኝ፣ ወተት ስጠጣ በተለይ ጠዋት ሆዴ ይነፋል ይጮሃል፣ የግመል ወተትም ያው ነው፣ ሶማሌ ጓደኞቼ ግን ጣሳ ሙሉ ጠጥተው ምንም አይሉም። የኔም ያ ኢንዛይም ነው?

ማይክሮስኮፕ_ሐረር፦

አይደለም፣ ያንቺ ላክቴዝ ነው። የወተት ስኳር ላክቶስ ይባላል፣ ትንሹ አንጀት ላይ ላክቴዝ ለሁለት ካልቆረጠው አይመጠጥም። ብዙ ሰው ጡት ከጣለ በኋላ እየቀነሰበት ይሄዳል፣ ከከብትና ከግመል ጋር ለብዙ ሺህ አመት የኖሩ ህዝቦች ውስጥ ግን ሳይቀንስ ሚቀርላቸው ብዙ ናቸው፣ ጓደኞችሽ ከነዛ ይሆናሉ። ያንቺ ሳይቆረጥ ወርዶ ትልቁ አንጀት ይደርሳል፣ እዛ ያሉት ባክቴሪያዎች የራሳቸው መቁረጫ ስላላቸው ድግስ ይሆንላቸዋል፣ ጋዙ የነሱ ነው።

እኛ ላብ ውስጥ ይሄንኑ ለስራ እንጠቀምበታለን። የተቅማጥ ናሙና ማኮንኪ ሚባል ላክቶስ ያለበት ሳህን ላይ ትዘራለህ፣ በማግስቱ ስትከፍተው ኢ ኮላይ ሚባለው ባክቴሪያ ላክቶሱን በልቶ አሲድ ስላወጣ ደማቅ ሮዝ ሆኖ ይጠብቅሃል፣ ተቅማጥ አምጪዎቹ ሳልሞኔላና ሺጌላ ግን ላክቶስ ስለማይበሉ ገረጣ ብለው ይቀመጣሉ። አንዲት የስኳር ኢንዛይም መኖርና አለመኖር ጠላትህን በቀለም ትለይልሃለች። እርጎ ሞክሪ፣ ባክቴሪያው ላክቶሱን ቀድሞ ስለሚቀንሰው ለብዙ ሰው ይሻላል።

ቀፊራ77፦

አላህ ይስጥልኝ ማይክሮስኮፕ። ለእማዬ አነበብኩላት፣ "ቆዳ ፋቂ" የሚለው ላይ ሳቀች፣ ከዛ ደሞ "እሺ ታዲያ ወባው ስኳር ምን ያደርግለታል" አለችኝ፣ መልስ የለኝም። ደሞ ሌላ ነገር፣ ዶክተሩ ባቄላ እንዳይበላ ብሏል። ወንድሜ ማለት እኮ በየቀኑ ጠዋት ፉል ነው ሚበላው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ። እስካሁን ምንም ሳይሆን እንዴት?

ማይክሮስኮፕ_ሐረር፦

እናትህ ጎበዝ ናቸው፣ እሳቸው ናቸው ዋናውን የጠየቁት። የወባ ፓራሳይት ቀይ ሴል ውስጥ ሲገባ ስኳር ነው ሚበላው፣ ያለቅጥ። የተያዘ ሴል ከጤነኛው እስከ 100 እጥፍ ግሉኮስ ሊጨርስ ይችላል። አበላሉም ያው ነው፣ ጠላ ስትጠነስስ እርሾው ከብቅሉ ስኳር አልኮል እንደሚያወጣው ይሄ ደሞ ከደምህ ስኳር ላክቲክ አሲድ ያወጣል። ወባ ሲከብድ በተለይ ህጻንና እርጉዝ ላይ ስኳሩ ወርዶ ደሙ አሲድ ሚሆነው አንዱ ምክንያት እሱ ነው፣ ያኔ የእውነት ግሉኮስ ያስፈልጋል።

ያቺ ፕላስቲክ ላይ የወጣችው መስመር እራሷ ምን እንደሆነች ታውቃለህ? የቫይቫክሷ መስመር ምትይዘው ላክቴት ዲሃይድሮጂኔዝን ነው፣ የፓራሳይቱን ማለቴ ነው። የስኳሩን መንገድ የመጨረሻ በር ሚዘጋው ኢንዛይም ነው። እኛም አለን፣ የሱ ግን ቅርጹ ለየት ስለሚል መመርመሪያው የሱን ብቻ ለይቶ ይይዘዋል። ስለዚህ ወንድምህ ቫይቫክስ መሆኑ በስኳር ኢንዛይም ተነግሮት፣ መድሃኒቱ ያልተስማማው በሌላ የስኳር ኢንዛይም ሆነ ማለት ነው። ፓራሳይቱ እኮ የራሱ ጂ ሲክስ ፒዲም አለው። የኛ የጎደለ ጊዜ ሴሉ ለሱም አይመቸውም፣ ጉድለቱ ወባ በበዛበት ሀገር ሁሉ የበዛው ከከባድ ወባ ስለሚከላከል ነው ይላሉ። ወንድምህ ላይ መከላከያውም በሽታውም አንድ ነገር ነው።

ፉልን በተመለከተ። ባቄላ ውስጥ ቪሲን እና ኮንቪሲን ሚባሉ ነገሮች አሉ፣ ሁለቱም ከግሉኮስ ጋር ተጣብቀው ነው ያሉት፣ እንደተጣበቁ ምንም አያደርጉም። ቤታ ግሉኮሲዴዝ ሚባል ኢንዛይም፣ ባቄላው ውስጥም አንጀትህ ባክቴሪያ ውስጥም አለ፣ ግሉኮሱን ሲቆርጠው ግን የቀረው ኦክሲዳንት ሆኖ ቁጭ ይላል። አየህ እዚህም ስኳር ቆራጭ ኢንዛይም ገባ፣ ሆን ብዬ አይደለም። እስካሁን ምንም ያልሆነው ለምን ላልከው፣ ጉድለቱ አይነቱ ብዙ ነው፣ አንዳንዱ በመድሃኒት ይወድቃል በባቄላ ግን ምንም አይሆንም፣ ደሞ የደረቀና በደንብ የበሰለ ከእሸቱ ይሻላል፣ የበላኸው መጠንም ለውጥ አለው። ግን አንዴ ሄሞግሎቢኑ 6 የገባ ልጅ ላይ በፉል ሎተሪ አትቁረጥ። ሽምብራና ምስር ይብላ፣ ችግሩ ያለው ባቄላ ላይ ነው። ሽሮ ሲገዛ ግን ይጠይቅ፣ ባቄላ ሚቀላቅሉ አሉ።

ወፍጮ_ቤት፦

በጾም ስልጆና እልበት ምትበሉ ካላችሁ ያው ባቄላ ነው እንዳትረሱት። ስልጆ ሲቦካ ባክቴሪያው ቪሲኑን ይበላዋል ሚል ነገር ሰምቼ ነበር እውነት ነው?

ማይክሮስኮፕ_ሐረር፦

አንዳንድ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች የባቄላ ዱቄት ሲያቦኩ ቪሲኑን እንደሚቀንሱት ይታወቃል። ያ ግን ተመርጦ የተጨመረ ባክቴሪያ ነው፣ እናትህ ገንቦ ውስጥ ያለው የትኛው እንደሆነ ማን ያውቃል። ለዚህ ልጅ አልመክርም።

ሲስተር_ነኝ፦

ሰላም፣ እዚሁ ድሬ ነርስ ነኝ። በማይክሮስኮፕ ላይ ልጨምር፣ ማይረሱ ነገሮች ስላሉ።

አንደኛ ምርመራው። አሁን ቢመረመር ደህና ነው ሊለው ይችላል፣ ምክንያቱም አሮጌዎቹ ሴሎች ረግፈው ያሉት አዳዲሶቹ ናቸው፣ አዲስ ሴል ደሞ ኢንዛይሙ ገና አልተሟጠጠም፣ የተሰጠው ደምም የሌላ ሰው ነው። ሶስት ወር ገደማ ቆይቶ ይደገም። ስሙን ስልኩ ላይም ካርዱም ላይ ይጻፍ፣ ሀኪም ጋ በሄደ ቁጥር አፉን ሲከፍት መጀመሪያ ሚናገረው እሱ ይሁን። ፕሪማኩዊን ብቻ አይደለም፣ ለስጋ ደዌ ሚሰጠው ዳፕሶን አለ፣ ለሽንት ኢንፌክሽን ሚሰጠው ናይትሮፉራንቶይን አለ። ቫይቫክሱ ጉበት ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ደሞ ትኩሳት ካየ ያን ቀኑኑ ይመርመር። ለእንዲህ አይነት ሰው ፕሪማኩዊኑን በሳምንት አንዴ ለ8 ሳምንት በቅርብ ክትትል መስጠት ሚባል አለ፣ እንደሱ አይነት ክፉኛ ለወደቀ ግን ይሰጥ አይሰጥ ሚወስነው ሀኪሙ ነው፣ ቤት ሆናችሁ እንዳትሞክሩት።

ሁለተኛ እናትየው። ዘረመሉ ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው፣ ወንድ ልጅ ኤክስ ሚያገኘው ከእናቱ ብቻ ነው፣ ስለዚህ "እኔ ነኝ ያወረስኩት" ያሉት በስኳሩ ሳይሆን በዚህ ነው ልክ የሆኑት። እና ደሞ ስኳር አለባቸው ብለሃል፣ የሶስት ወር ስኳር ሚባለውን ምርመራ ያሰሩ ይሆናል። እሱ ሚለካው ሄሞግሎቢን ላይ በጊዜ ብዛት የተለጠፈውን ስኳር ነው፣ ሴሉ 120 ቀን ሳይሞላው ሚሞት ከሆነ ስኳሩ ለመለጠፍ ጊዜ አያገኝም፣ ውጤቱ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ሊወጣ ይችላል። ተሸካሚ ሴት ላይ እንደ ወንዱ ባይሆንም ለሀኪማቸው ይንገሩ፣ የጣት ልኬታቸውንም ደብተር ላይ ይጻፉ። ሁለቱ ነገር ሚገናኙት እዚህ ጋ ነው።

ሶስተኛ ውሃ ማጠራቀሚያችሁን ክደኑ። በፈረንጅ 2022 በበጋ ድሬን ያመሰው ወባ ኮ ከስቴፈንሲ ትንኝ ጋር የተያያዘ ነው፣ ሀገራችን ውስጥ መጀመሪያ 2016 ቀብሪደሃር የተገኘችው፣ ረግረግ አትፈልግም፣ ሮቶና በርሜል ይበቃታል።

ቀፊራ77፦

ሲስተር እጅሽ ይባረክ፣ ማይክሮስኮፕ አንተም። ያላችሁትን ለእማዬ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና ሐረር ወንድሟ ጋ ደወለች። አጎቴ ልጅ እያለ የባቄላ እሸት ሲደርስ የወፍ በሽታ ይይዘው ነበር፣ አይኑ ቢጫ ይሆንና ሽንቱ ይጠቁራል፣ እሸት ነው ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም፣ በየአመቱ የሀገር መድሃኒት እየተሰጠው ከሳምንት በኋላ ይነሳል። ስልኩ ላይ "ለዛ ነው እንዴ?" እያለ ሲደጋግም ይሰማኝ ነበር፣ 61 አመቱ ነው። እህቴ ደሞ በቅርቡ ወንድ ልጅ ወልዳለች፣ ለሱ ሚያሰጋ ነገር አለ? እኔስ?

ሲስተር_ነኝ፦

ህጻኑን ዛሬ ነገ ሳትሉ አሳዩት፣ ሲወለድ አይኑ ቢጫ ሆኖ ከነበረም ንገሩ። ልብስ ብል እንዳይበላው መሀሉ ሚቀመጠው ነጭ ክብ ነገር፣ ናፍታሊን፣ እሱን ከቤት አውጡት፣ ልጁ ሚጠቀለልበት ልብስ አጠገብ እንዳይደርስ። አንተ ግማሽ በግማሽ ነው እድልህ፣ ተመርመር።

ቀፊራ77፦

እሺ። ናፍታሊኑን ከእማዬ ሳጥን ውስጥ አስራ ምናምን ለቅመን አወጣን፣ ለህጻኑ ያስቀመጠችው ልብስ ሁሉ ይሸታል፣ አሁን ግቢው ሙሉ ልብስ ተሰጥቷል። ለወንድሜ ሻሂ ሁለት ማንኪያ ስኳር ተመልሶለታል፣ ሶስት ነበር ብሎ እየተከራከረ ነው። እኔ ጠዋት ቀፊራ ፉል ቤቴ ገብቼ እንቁላል ፍርፍር አዘዝኩ፣ ሰውየው ጭልፋውን ይዞ ቆሞ "ምነው፣ አሞሃል እንዴ?" አለኝ። ውጤቱ ሐሙስ ነው።